ለእናቷ ያልተነገረው ሕመም

ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ድንጉጥ» ነው የሚላት። እውነተኛ ስሟን አስታውሶ የሚጠራት ደመወዝ የሚከፍላት ሰውዬ ብቻ ነው፤ እሱም በወር አንዴ። በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፤ ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች፤ ከኋላዋ ሰው ካስነጠሰማ የያዘችውን ሁሉ ትለቃለች። ፈጣሪ ሲቀልድ ግን እንጀራዋን መስታወት ላይ አደረገው። መነጽር ቤት ተቀጥራ ሌንስ እየሞረደች ከፍሬም ጋር ታገጣጥማለች፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ሌንስ እንኳ ከእጇ ወድቆ አልተሰበረም። ባልደረቦቿ ይኼ እንዴት ይሆናል ብለው ሲጠይቋት «ድንጋጤዬን ለቤቴ እቆጥባለሁ» ትላለች። ስቀው ያልፏታል፤ እሷ ግን የምሯን ነው።

እናቷ ሌላ ፍጥረት ናት። የቤታቸው የፊት ክፍል ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ የተማሪ፣ የአስተናጋጅ፣ የጥበቃ ዩኒፎርም የሚሰፋው እዚያ ነው። ስፒል በከንፈሯ ይዛ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ሰው ትቆጣለች። ወገቧን አሳንሳ ለምትናገር ደንበኛ ሜትሩን እያሳየች «እኔን ብትዋሺኝ ግድ የለም፣ ዚፑን ግን አትዋሺውም» ትላለች። ውሸት አትወድም። ይኼን ድንጉጥም ታላቅ ወንድሟም ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ እያወቁ ነው ያደረጉት።

ነገሩ የጀመረው በነጭ ሸሚዝ ላይ ነው። እናቷ ለአንድ ሆቴል አስተናጋጆች እየሰፋች ሳለ መርፌ ጣቷን ወጋት። ዕድሜዋን ሙሉ ሲወጋት የኖረ መርፌ ነውና እንደ ልማዷ ጣቷን መጠጥ አድርጋ ሥራዋን ቀጠለች። ደሙ ግን እንቢ አለ። አንገትጌው ላይ ጠብ፣ እጅጌው ላይ ጠብ፤ ሸሚዙ ተበላሸ። በዚያው ሰሞን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት፣ ማንም ሳይነካት ክንዷ ይበልዝ ጀመር። ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ደሟን ደጋግመው አዩ፤ በመጨረሻም ከዳሌ አጥንቷ ላይ መቅኔ ቀዱላት። «ሱሪ ስለካ እዚህ ጋ ስፒል የወጋኋቸው ሰዎች ሁሉ ዛሬ ተበቀሉኝ» ብላ ሐኪሞቹን አሳቀቻቸው።

ውጤቱ የተነገረው ለልጆቿ ነው፤ ያውም ኮሪደር ላይ ቆመው። ዶክተሩ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ደም የሚሠራው በአጥንት ውስጥ ያለው መቅኔ መሆኑን፣ የእናታቸው መቅኔ የሚሠራው ደም ግን ገና ሳይበስል የሚሞት መሆኑን፣ እያደርም ወደ ደም ካንሰር ሊለወጥ እንደሚችል ነገራቸው። የሕመሙን ስምም ጠራው፤ ምላስ የሚያስር ረጅም ስም ነበር። ድንጉጥ ከዚያ ሁሉ የያዘችው «ካንሰር» የሚለውን አንድ ቃል ብቻ ነው።

«እሷ እንዳትሰማ!» አለ ወንድምጋሼ ወዲያው። ድንጉጥ ታላቅ ወንድሟን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ወንድምጋሼ ነው የምትለው። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ አንድ ነገር ከወሰነ የማይመለስ።

እንዲህ ያለበት ምክንያት አለው። አባታቸው ጉበቱን ታሞ በነበረ ጊዜ ሐኪሙ ፊት ለፊት ነግሮት ነበር። አባትየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የቀረበለት ምግብ ሳይነካ ይመለስ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ቤተሰቡ ጉበቱን ረሳና ጥፋቱን ሁሉ በሐኪሙ ምላስ ላይ ጫነው። እናም ወንድምና እህት እዚያው ኮሪደር ላይ ተማከሩ፤ እናታቸው ያለባት «የደም ማነስ» ነው ተባለ። ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። «ከጠየቁኝ አልዋሻቸውም» አለ። እናት ግን አልጠየቀችውም። ልጆቼ ነግረውኛል ብላ አመነች።

መቼም የፈራ ሰው ብልሃት አያጣም፤ ችግሩ ብልሃቱ ወዴት እንደሚወስደው አለማየቱ ነው። እናትየው ቤት በገባች በማግስቱ «ደም ማነስ ከሆነማ ጎረቤቴም ነበረባት» አለች፤ «ቀይ ክኒን ስትውጥ ከረመችና ይኸው ዛሬ እንደ ፈረስ ትረግጣለች። የኔ ክኒን የታለ?» ድንጉጥ ቀልቧ ተገፈፈ። ክኒን የሌለው የደም ማነስ ማን ያምናል? ሮጣ ከፋርማሲ የብረት ክኒን ገዝታ መጣች። ቫይታሚን ዓይነት ነገር ነው፣ ባይጠቅም አይጎዳም ብላ ራሷን አሳመነች። ለወንድሟ እንኳ አልነገረችውም። እናቷ ደግሞ ለክኒኑ ታማኝ ሆነች፤ ጎረቤቲቱ በሎሚ ሲሆን ይበልጥ ይሠራል ስላለቻት፣ ጠዋት ጠዋት ሎሚ ጨምቃ ክኒኗን ሳትውጥ የስፌት መኪናዋ ላይ አትቀመጥም ነበር።

እውነተኛው ሕክምና ሌላ ነበር። ለተወሰኑ ወራት መርፌ ወሰደች፤ ደም ሲጎድላትም ሆስፒታል ሄዳ ይሞላላታል። «ነዳጅ ልሞላ ነው» ትላለች ስትወጣ፤ ስትመለስ ጉንጯ ቀላ ብሎ፣ ዘፈን እያንጎራጎረች ነው። ዶክተሩ በየቀጠሮው «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ድንጉጥም እናቷ አፏን ሳትከፍት ቀድማ «የለም» ትላለች። ክኒኑ ከተነሳ ውሸቱ ይነሳላ!

እያደር ግን የተሞላው ደም ቶሎ ቶሎ ማለቅ ጀመረ። ጉንጯ የሚቀላው ለአጭር ጊዜ ሆነ፤ ድድዋ ይደማል፤ መቀስ የያዘችበት አውራ ጣቷ ሥር ይጠቁራል። አንድ ቀን ዶክተሩ ድንጉጥን ለብቻዋ ጠራት። መርፌው መሥራት ማቆሙን ነገራት። «እዚህ ያለንን ጨርሰናል» አለ። «መቅኔ እንዳንቀይርላቸው ዕድሜያቸውና ልባቸው አይፈቅድም። የቀረው በጥናት ላይ ያለ አዲስ መድኃኒት ነው። ጥናቶቹ ኢንተርኔት ላይ ተመዝግበው ይገኛሉ፤ ፈልጊ። ካገኘሽ እኔ ማስረጃቸውን አዘጋጅልሻለሁ።»

ድንጉጥ ፈለገች። መነጽር ቤቱ ደንበኛ ሲጠፋ ከኮምፒውተሩ ጋር ትፋጠጣለች፤ ምላስ የሚያስረውን ስም ፊደል በፊደል እየለቀመች ትጽፋለች። የሚወጣው መዓት ነው። አንዱ ተዘግቷል፤ አንዱ ገና አልተከፈተም፤ አንዱ ባሕር ማዶ ነው፤ ሌላው መርፌውን ከዚህ በፊት የወሰደ ሰው አልቀበልም ይላል። በሩ ሁሉ በፊቷ ይዘጋባታል። «ሞት»፣ «ከባድ ጉዳት» የሚሉ ቃላት ሲያጋጥሟት ወንበሯን ወደኋላ ገፍታ ትነሳለች፤ ትንሽ ተንጎራዳ ተመልሳ ትቀመጣለች። በመጨረሻ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ከድልድዩ ማዶ ባለው ትልቅ ሆስፒታል የሚካሄድ አንድ ጥናት አገኘች። ስልክ ቁጥር ነበረው። ደወለች፤ ሲያነሱት ደንግጣ ዘጋችው። እንደገና ደወለች።

ያነጋገረቻት የጥናቱ ነርስ ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል። ድምጿ ዝግ ያለ፣ የማትቸኩል ሴት ናት። የእናትየውን ዕድሜ ጠየቀች፣ የወሰደቻቸውን መድኃኒቶች ጠየቀች፣ ስለ ልቧም ጠየቀች። «እስካሁን የነገርሽኝ ይገጥማል» አለች። «ቦታው ግን እየሞላ ነው፤ ቶሎ ይዘሻቸው ነዪ። አንድ ነገር፤ እናትሽ ሕመማቸውን ያውቁታል አይደል?»

«አዎ» አለች ድንጉጥ። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው።

«ጥሩ። ተረድተው የሚፈርሙት ራሳቸው ናቸው። አንቺም ሆንሽ ወንድምሽ ልትፈርሙላቸው አትችሉም።»

ለወንድሟ ስትነግረው ከመለዋወጫው መደርደሪያ መካከል ቆሞ ነበር። ፊቱ ተለዋወጠ። «ንገሪያትና ቅበሪያት!» አለ። «አባዬን ያየሽ አይመስልም። ደግሞ ሰው ላይ የሚሞከር መድኃኒት! እናቴ አይጥ ናት?»

«ባትገባስ ምን እናደርጋለን? ዶክተሩ ጨርሻለሁ ብሏል።»

መልስ ያጣ ወንድ እንደሚያደርገው ጮኸባት፤ ከዚያም ዞር ብሎ አንድ ንጹሕ ዕቃ እንደገና መወልወል ጀመረ። ድንጉጥ የወንድሟን ጀርባ እያየች እሱም መፍራቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተዋለች። ይኼ ደግሞ ፍርሃቷን አባሰባት፤ እስከ ዛሬ በእሱ ጉልበት ነበር የምትመካው።

እናቷን «የተሻለ መድኃኒት ያለበት ሆስፒታል ልወስድሽ ነው» አለቻት። እውነቱን ከቀጠሮው በፊት ልትነግራት ቆርጣ ነበር። ጠዋት ስትነሳ ዛሬ እነግራታለሁ ትላለች፤ እናቷ ሎሚዋን ስትጨምቅ ስታይ ሳትነግራት ወደ ሥራ ትወጣለች። ማታ እነግራታለሁ ትላለች፤ እናቷ ሰው ስታማ፣ ስትስቅ ታገኛታለች። ደስታዋን እንዴት አድርጋ ታጥፋ? አንድ ጊዜማ «እማዬ…» ብላ ጀምራ ነበር። እናቷ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ ዓይን ዓይኗን ስታያት «ሻይ ላፍላልሽ?» ብላ ወጣች። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀጠሮው ደረሰ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የማይሠራ ሰዓት። ሲስተር ወረቀቶቿን አስተካክላ ወደ እናትየው ዞረች።

«እናቴ፣ ምንም ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሕመምዎ ምን እንደሆነ በራስዎ አፍ ይንገሩኝ እስቲ።»

«ደም ማነስ ነዋ!» አለች እናቷ አፏን ሞልታ። «የሚያውቁትን መጠየቅ ደግሞ ምን ይባላል ልጄ?»

ሲስተር ብዕሯን አስቀመጠች። ድንጉጥን አየቻት፤ የቁጣ አስተያየት አልነበረም፤ ድንጉጥ ግን ብትቆጣት ትመርጥ ነበር። «ውሃ ይዤ ልምጣ» አለች ሲስተር። «እስክመለስ ተነጋገሩ።» በሩን ቀስ ብላ ዘግታው ወጣች።

እናት ሞኝ አይደለችም። የተዘጋውን በር አየች፤ ልጇን አየች። «ምን ሆነሻል? ምነው ቀለምሽ ጠፋ?»

«እማዬ፣ ደም ማነስ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«መቅኔሽ ነው። ደም የሚሠራው መቅኔሽ ታሟል። ያ መርፌ ለእሱ ነበር፤ አሁን መሥራት አቁሟል። ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል ብለውናል።»

እናቷ የቀሚሷን ጠርዝ ገልብጣ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ሌላ ጊዜ የሰው ልብስ ስትመረምር እንደምታደርገው። ድንጉጥ የአባቷ ፊት ትዝ አላት። አሁን ወደ ግድግዳ ትዞራለች፣ አሁን ታበቃለች እያለች ጠበቀች።

«ማን ማን ያውቃል?» አለች እናቷ በመጨረሻ።

«እኔና ወንድምጋሼ።»

«ጎረቤቴስ?»

«ኋላ ነግረናታል።»

«ደም የሚሞሉልኝ ልጆችስ?»

«ያውቃሉ።»

«እኔ ብቻ ነኛ የቀረሁት!» ድምጿ ተሰበረ። «ለከርሞ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትእዛዝ ስቀበል ዝም ብላችሁ አያችሁኝ። ጨርቅ ሳከማች ዝም ብላችሁ አያችሁኝ። እኔ ስስቅ እናንተ ምን ትሉ ነበር? እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ትሉ ነበር?»

ድንጉጥ አለቀሰች። እናቷ አላለቀሰችም፤ እጆቿ ግን መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ድንጉጥ እነዚያ እጆች ሲንቀጠቀጡ አይታ አታውቅም። እናቷ ሁለቱን እጆቿን ጉልበቷ መሀል ቀብራ ያዘቻቸው። ከዚያ ድንገት ቀና አለች።

«ቀዩ ክኒንስ? ደም ማነስ ካልሆነ፣ እሱ ምን ነበር?»

«እሱ… እንዲያው ነው። እንድታምኚን ብዬ ነው። ምንም አያደርግም።»

ሲስተር ውሃውን ይዛ ስትገባ እናቷ ቦርሳዋን ከፍታ ክኒኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ነበር። «ልጄ ነግራኛለች» አለች። «እኔ ደግሞ ላንቺ ልንገርሽ። ይኼን ክኒን፣ ደም መሙላት ከጀመርኩ ጀምሮ አንድ ቀን ሳላስታጉል እውጠዋለሁ። በሎሚ።»

ሲስተር ክኒኑን አገላብጣ አየችው። ፊቷ ሲጨልም ድንጉጥ አየች። የጥናቱ ሐኪም ተጠራ፤ ወጣት ሰው ነው፤ ቆሞ እንዳይናገር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አስረዳቸው። ደም በተሞላ ቁጥር ሰውነት ውስጥ ብረት ይገባል፤ ሰውነት ደግሞ ብረትን የሚያወጣበት በር የለውም፤ ስለዚህ ጉበት ላይና ልብ ላይ ይከማቻል። ደም የሚሞላለት ሰው ብረት ሊውጥ አይገባም። ጥናቱም ጉበቱ የተጎዳ ሰው አይቀበልም።

«ክኒኑ ነው ያበላሸው?» አለች ድንጉጥ።

«የሚሞላላቸው ደም ብቻውንም ሊያከማች ይችል ነበር» አለ ሐኪሙ። «ክኒኑ ግን ጨምሮበታል። ምን ያህል እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም።»

ፍርድ ቢሰጣት ይሻላት ነበር። «ምን ያህል እንደሆነ» የምትለው ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀመጠች።

ሲስተር ቀስ ብላ ስለ መድኃኒቱ ለእናትየው ነገረቻት፤ በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የተሞከረ መሆኑን፣ ሊረዳ እንደሚችል፣ ላይረዳም እንደሚችል፣ ሊጎዳም እንደሚችል። ምንም አልደበቀችም። እናቷ አንገቷን ደፍታ ሰማች።

«እኛ አዲስ ስፌት ስንሞክር በቁራጭ ጨርቅ ነው» አለች። «እንግዲህ እኔ ቁራጯ ጨርቅ ነኝ።»

«ቁራጭ ጨርቅ አይጠየቅም እናቴ» አለች ሲስተር። «እርስዎ እየተጠየቁ ነው። እንቢ ማለት ይችላሉ። ከጀመሩ በኋላም በፈለጉት ቀን ተዉኝ ማለት ይችላሉ። ዛሬ አይፈርሙም፤ ወረቀቱን ቤት ይውሰዱና ያንብቡት።»

እናቷ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ከታመምኩ ጀምሮ ሲጠይቁኝ ገና ዛሬ ነው» አለች። ቃሉ ለማን እንደሆነ ድንጉጥ ገብቷታል።

ቤት እንደደረሱ ወንድምጋሼን በር ላይ ቆሞ አገኙት። ከእናቱ ፊት ሁሉን አነበበ፤ አንገቱን ደፋ። እናትየው ያን ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን ቆጣችው። «አባትህን የገደለው ጉበቱ ነው!» አለችው። «ግድግዳ ያየው ስለነገሩት መሰለህ? ሕመሙ አላስቀምጥ ብሎት ነው። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም!» ከዚያ ምግብ አምጡ አለች። ድንጉጥ እያንዳንዱን ጉርሻ እየተከተለች አየቻት፤ እናቷ በግድም ቢሆን በላች። ያን ሰሞን ግን እንደ ወትሮዋ አላንጎራጎረችም፤ መኪናውን እየረገጠች ድንገት ታቆምና ጨርቁ ላይ ፈዛ ትቀራለች። ወረቀቱን መነጽሯን አድርጋ ራሷ አነበበችው። ያልገባትን በጠመኔ አሰመረችበትና ሄዳ ጠየቀች። በመጨረሻም ፈረመች።

ከፈረመች በኋላ ደሟ ተቀዳ። ስልክ ቁጥሬን ጻፉ፤ ለልጆቼ ሳይሆን ለእኔ ደውሉ ብላ አስጠንቅቃ ነበር። የተደወለ ዕለት ድንጉጥ ከሥራ ስትገባ እናቷ መቀሷን አስቀምጣ ጠበቀቻት። «የጉበቴ ምርመራ ውጤት ከልኩ በላይ ሆኖ ተገኘ» አለቻት፤ አላድበሰበሰችም። «አሁን አያስገቡኝም። ብረቱን የሚያወጣ መድኃኒት እወስዳለሁ። ከወረደና ቦታው ካልሞላ ያስገቡኛል። ከሞላ አበቃ።»

ከዚያ ወዲህ የነበረውን ጊዜ ድንጉጥ እንዴት እንዳለፈችው አታውቅም። ብረት የሚያወጣው መድኃኒት እናቷን ያቅለሸልሻታል፤ ደሟ ይወርዳል፤ ይሞላላታል፤ የሚሞላው ደም ደግሞ ራሱ ብረት ነው። ያወጡትን ያህል መልሶ የሚገባ ይመስላታል። ከድልድዩ ማዶ ባለው ሆስፒታል አንድ የማታውቀው ሰው በር ገፍቶ ሲገባ፣ እናቷ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ይታያታል። የማታውቀውን ሰው ጠላችው፤ እሱም የሰው እናት ወይም አባት መሆኑ ትዝ ሲላት አፈረች፤ አፍራም ጠላችው። በመነጽር ቤቱ ሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሌንስ ከእጇ ወደቀ። ባልደረቦቿ ሊስቁ አሉና ፊቷን ሲያዩ ተዉት።

«እማዬ ይቅር በይኝ» አለቻት አንድ ቀን፣ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች ስታግዛት።

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ይቅር ብዬሻለሁ። ግን አልረሳሁትም። ሁለቱ አንድ እንዳይመስሉሽ።» ድንጉጥ ከዚህ የበለጠ መጠየቅ አልደፈረችም።

የጉበቷ ውጤት ወረደ። እየተንገዳገደ፣ ከተፈቀደው መስመር ጥቂት ዝቅ ብሎ ቆመ። በዚያው ሳምንት አንድ ቦታ ነበረና ያቺ ቦታ ለእናቷ ሆነች። ድንጉጥ ዜናውን ስትሰማ ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ደስታው መጣና ሳይቀመጥ ሄደ፤ ቦታውን የወሰደው ሌላ ፍርሃት ነው። እስከ ትናንት የፈራችው እንዳትገባ ነበር፤ ዛሬ ገብታለች።

እናቷ መድኃኒቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወስድበት ጠዋት ወንድምጋሼ አደረሳቸውና ውጭ መኪናው ውስጥ ቀረ፤ ማየት አልቻለም። እናቷ ሰፊ ወንበር ላይ ተደግፋ ተቀመጠች። ከበፊቱ ከስታለች፤ የሰዓት ማሰሪያዋ እስከ ክርኗ ይንሸራተታል። ሲስተር መርፌውን በጥንቃቄ አስገባች፤ ስሟን ደግማ ጠየቀቻት፤ ከረጢቱን ሰቀለች። መድኃኒቱ መልክ የለውም፣ ውሃ ነው የሚመስለው።

እናቷ ሲስተርን አልጠየቀችም። ወደ ልጇ ዞረች።

«ካልሠራስ?»

ድንጉጥ «ይሠራል እንጂ!» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ ለታመመ ሁሉ የሚባል፣ ለማለት የማይከብድ ቃል ነው። እናቷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። ድንጉጥ ቃሉን መልሳ ዋጠችው።

«ካልሠራ ሌላ የላቸውም እማዬ» አለች። ድምጿ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልቆመም። «እኔ ሌላ ጥናት እፈልጋለሁ። እንደማገኝ ግን አላውቅም። ላላገኝ እችላለሁ።»

ሲስተር የከረጢቱ ቱቦ መቆጣጠሪያ ላይ እጇን አሳርፋ ቆማ ቀረች።

እናቷ ልጇ የተናገረችውን ለካችው፤ እንደ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ፈርቻለሁ» አለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ለልጆቿ ብላው የማታውቀውን።

«እኔም ፈርቻለሁ።»

«አንቺማ ፈርተሽም ነገርሽኝ» አለች እናቷ፤ ወደ ሲስተርም ዞራ «በይ ክፈቺው» አለቻት።

ጠብታው መውረድ ጀመረ። እናቷ መርፌ የሌለበትን እጇን ዘርግታ የልጇን እጅ ጨብጣ ያዘች። ሁለቱ እጆች አብረው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ድንጉጥ የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት አልሞከረችም።